«ሪድ ጎልድበርግ» የሚል ጠርሙስ ተሰጥቶኛል፤ ልክፈተው ወይስ ላስቀምጠው?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«የምኖረው ቪየና ነው። ለብዙ ዓመት ቤታቸውን የሠራሁላቸው አንዲት አዛውንት፣ ሴት ልጅ መውለዴን ሲሰሙ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ሰጡኝ። ላዩ ላይ ፕሪለር፣ ብላውፍሬንኪሽ፣ ሪድ ጎልድበርግ፣ 2017 ይላል። ሲሰጡኝ ‹ይሄ ዝም ተብሎ የሚጠጣ አይደለም› አሉኝ። እኔ ግን ከዚህ በፊት ሌላ ብላውፍሬንኪሽ ቀምሼ ኮምጥጦኝ፣ ምላሴንም ጭምድድ አድርጎኝ ትቼዋለሁ። ይሄስ በምን ይለያል? ጣፋጭ ነው? ልጄ በሚመጣው ወር ሰማንያ ቀኗ ነው። ለክርስትናዋ ከዶሮ ወጥ ጋር ላቅርበው ወይስ ላስቀምጠው?»

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችዎት።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ጣፋጭ አይደለም። ከዶሮ ወጥ ጋር አያቅርቡት። ለክርስትና ድግስም አይሆንም፤ አንድ ጠርሙስ ከስድስት ብርጭቆ አያልፍ፣ ለማን ሊዳረስ! ዛሬ ቢከፍቱት ደርሷል። ጥሩ ቦታ ካለዎት ደግሞ ገና ዓመታት ይቆያል። ረጅሙ መልስ የሚጀምረው «ሪድ» ከምትለዋ ትንሽ ቃል ነው፤ አሮጊቷም ሲሰጡዎት ያሰቡት እሷን ይመስለኛል።

ጠርሙሱ ላይ ፕሪለር የአምራቹ ስም ነው፣ ብላውፍሬንኪሽ የወይኑ ዘር ነው። ሪድ ማለት ደግሞ የራሱ ስም ያለው የወይን ማሳ ነው። በቡና እንየው። ከረጢቱ ላይ «ይርጋጨፌ» ብቻ ሲል ቡናው ከብዙ ገበሬ ጓሮ ተለቅሞ አንድ ላይ የተቀላቀለ ሊሆን ይችላል። «ከዚህ ቀበሌ፣ ከዚያች ተዳፋት ብቻ» ሲባል ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ዋጋውም ሌላ ነው። ኦስትሪያ ውስጥም ጠርሙስ ላይ «ቡርገንላንድ» ብቻ ከተጻፈ ፍሬው ከክልሉ ከየትም መጥቶ ይሆናል። «ሪድ» ካለ ግን ፍሬው ከዚያ ከተጠቀሰው ማሳ ነው። ድሮ ብዙ ጊዜ የማሳው ስም ብቻውን ነበር የሚጻፈው። ገዢው ታዲያ «ጎልድበርግ» የቦታ ስም ይሁን ነጋዴ ያወጣው ስም በምን ይወቅ? ከ2016 መከር ጀምሮ ሕጉ ከማሳው ስም በፊት «ሪድ» ተብሎ እንዲጻፍ አስገደደ። የእርስዎ ጠርሙስ የ2017 ነው፤ የግዴታው ሁለተኛ መከር መሆኑ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ጎልድበርግ የሚባል ማሳ ኦስትሪያ ውስጥ ሌላም ቦታ አለ። እኛ ዘንድ ስንት «ገብርኤል ሰፈር» አለ? እንደዚያ ነው። ስለዚህ ከማሳው ስም ጋር የአምራቹንም ስም ማየት ነው።

የእርስዎ ጎልድበርግ የሚገኘው ሹትሰን አም ጌቢርገ በምትባል መንደር ነው፤ በአይዘንሽታት ከተማና በኖይዚድል ሐይቅ መካከል። የፕሪለር ቤተሰብም የዚያች መንደር ሰዎች ናቸው። ዛሬ ሥራውን የያዘው ጌዮርግ ፕሪለር ነው፤ ከእሱ በፊት አባቱ ኤንግልበርት ነበሩ። ከቪየና በባቡር ኖይዚድል ላይ ቀይረው ቢሄዱ አንድ ሰዓት ገደማ ቢፈጅብዎት ነው። ልጅ አዝለው የሚሄዱበት መንገድ ነው።

ጎልድበርግ ሲተረጎም «የወርቅ ተራራ» ነው። ስሙ አያሳስትዎ፤ እኛ አገር ቢሆን ጉብታ ነበር የምንለው። ከበላዩ የላይታ ኮረብቶች አሉ፤ አካባቢው ላይታበርግ የተባለውም በእነሱ ነው። የእነሱም ከፍተኛ ጫፍ 484 ሜትር ብቻ ነው። ድሬዳዋ እንኳ ትበልጠዋለች። ግን እነዚህ ኮረብቶች የአልፕስ ተራሮች ማለቂያ ናቸው። ከእነሱ በስተ ምሥራቅ አገሩ ሜዳ ሆኖ እስከ ሃንጋሪ ይዘረጋል። ሙቀቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ማታ ደግሞ ከኮረብታው ደን ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ይወርዳል። ቀን ሙቀት፣ ማታ ቅዝቃዜ፤ ፍሬው ቀን ይበስላል፣ ማታ ኮምጣጣነቱን ይዞ ያድራል።

ሐይቁን ካላዩት አንድ ቀን ይዩት። ሸምበቆውን ጨምሮ ወደ 320 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ጥልቀቱ ግን ሁለት ሜትር አይሞላም! እንደ ጣና አድርገው አያስቡት፤ እንደ ትልቅ ሳህን ያስቡት። ጥልቀት ስለሌለው ቶሎ ይሞቃል፤ ፍሬው በሚበስልበት ወራት ዙሪያውን ለስለስ ያደርጋል። ለብላውፍሬንኪሽ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይህ ወይን በጸደይ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፤ የሚበስለው ግን ዘግይቶ ነው። ቀድሞ ስለሚነሣ ውርጭ ያገኘዋል፤ ዘግይቶ ስለሚደርስ ረጅም፣ ሞቅ ያለ መጨረሻ ይፈልጋል። በ2016 ሚያዝያ መጨረሻ የወረደው ውርጭ ቡርገንላንድን ክፉኛ መትቶ ነበር። የእርስዎ 2017 ግን ሞቃትና ደረቅ ዓመት ነበር፤ ለቀይ ወይን የተመቸ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ።

ፕሪለር ብላውፍሬንኪሽ የሚያወጣው ከጎልድበርግ ብቻ አይደለም። በአጎራባቿ ኦጋው መንደር ማሪየንታል የሚባል ማሳም አለው፤ ትርጉሙ «የማርያም ሸለቆ» ነው፤ ለእርስዎ ሰሞንኛ ስም! የወይኑ ዘር አንድ፣ ጠማቂው አንድ፣ ሐይቁም ያው አንድ ሐይቅ። ሁለቱ ወይኖች ግን ጎን ለጎን ሲቀዱ አንድ ናቸው ብሎ የሚምል የለም። ልዩነቱ ከሥር ያለው ድንጋይ ነው።

ማሪየንታል የኖራ ድንጋይ ነው። ከ15 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እዚህ ባሕር ነበር። የባሕሩ ዛጎልና ኮራል ተጠራቅሞ ድንጋይ ሆነ። ዛሬም አንዱን ድንጋይ ቢያነሱ ዛጎል ያገኙበታል። ከዚሁ ብዙም ሳይርቅ ሳንክት ማርጋሬተን ላይ ከሮማውያን ጊዜ ጀምሮ ይህን ድንጋይ የሚፈነቅሉበት ቦታ አለ። ቪየና መሃል ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ሲሠራ ከዚያ የመጣ ድንጋይ ገብቶበታል። በአጠገቡ ባለፉ ቁጥር ላይታበርግን አይተዋል ማለት ነው።

ጎልድበርግ ግን ከዚያ ባሕር በፊት የነበረ፣ እጅግ የቆየ ድንጋይ ነው። ሚካ ሺስት ይባላል። እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረ፣ በእጅ የሚሰነጠቅ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚያብለጨልጭ ድንጋይ። አፈሩ ስስ ነው። ውሃ አይዝም። ለጤፍ ቢሰጡዎት ይመልሱታል። የወይኑ ሥር ግን በስንጥቁ መካከል ወደ ታች ይወርዳል፤ ተክሉ ጥጋብ ስለማያገኝ ጥቂትና ትናንሽ ፍሬ ያፈራል። የቀይ ወይን ቀለሙም፣ ምላስ የሚጨመድደውም ነገር ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ፍሬው ባነሰ ቁጥር ልጣጩ ከጭማቂው አንጻር ይበዛል። ጎልድበርግ ጨለም ያለና ጠንካራ የሚሆነው በዚህ ነው።

«ድንጋዩን ትቀምሰዋለህ» የሚሉ ብዙ ሰዎች ይገጥሙዎታል። እኔም በሶምሊየርነት፣ ማለትም ለእንግዳ ወይን መርጦ በማቅረብ፣ ሥራዬ መጀመሪያ ላይ እንደዚያ እያልኩ እንግዳ አደናግር ነበር። እውነቱን ለመናገር ሥር የድንጋይ ጣዕም ስቦ ወደ ፍሬ አያወጣም። አፈሩ የሚወስነው ተክሉ ምን ያህል ውሃ እንዲያገኝ፣ ምን ያህል እንዲራብ፣ ሥሩ ምን ያህል እንዲሞቅ ነው። የብርጭቆው ልዩነት ከዚያ ይመጣል። ልዩነቱ ግን አለ፤ ዓይን ጨፍኖም ይለያል። ማሪየንታል ቀጠን፣ ለስለስ ያለ ነው፤ ቶሎ ይግባባል። ጎልድበርግ ዝምተኛ ነው። መጀመሪያ ሲቀዳ ብዙ አይናገርም፤ ቆይቶ ነው ጥቁር እንጆሪው፣ ቁንዶ በርበሬው፣ ጭስ ጭስ የሚለው ነገር የሚወጣው። «ዝም ተብሎ የሚጠጣ አይደለም» ያሉዎት ለዚህ ነው። የመምረጥ ነገር ከሆነ እኔ ጎልድበርግን እመርጣለሁ። ባለቤቴ ማሪየንታልን ትመርጣለች። አንጨቃጨቅም፤ ሁለቱንም አንገዛም፣ ውድ ናቸው።

ወደዚያ ያልወደዱት ብላውፍሬንኪሽ ልመለስ። ሁለት ነገር ነው የነገሩኝ፤ ኮመጠጠኝ አሉ፣ ምላሴን ጨመደደኝ አሉ። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መኮምጠጡ አሲድ ነው፤ ብላውፍሬንኪሽ በተፈጥሮው አሲዱ ከፍ ያለ ነው። ጭምድድ ማድረጉ ታኒን ነው። ታኒን ከጣዕም ይልቅ የመዳሰስ ጉዳይ ነው። ያልበሰለ ሙዝ ሲበሉ ወይም በጣም የፈላ ሻይ ያለ ስኳር ሲጠጡ ድድዎን የሚይዘው እሱ ነው። የጌሾ ምሬት ሌላ ነው፣ ጠጅ የለመደ ሰው ሁለቱን ያምታታል። አገር ቤት ብዙዎቻችን ቀይ ወይን የለመድነው በአክሱሚት ነው፤ እሱ ደግሞ ጣፋጭ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ብላውፍሬንኪሽ ላይ መውደቅ ድንጋጤ ነው፣ አይፈረድብዎትም።

ግን ኮምጣጣነቱን እንደ ጉድለት አይዩት። ይህን ወይን ሃያ ዓመት የሚያቆየው ትልቁ ነገር እሱ ነው። ታኒኑ ደግሞ በዓመታት ብዛት ይለዝባል። ያልወደዱት ጠርሙስ ገና ወጣት የነበረ ይመስለኛል፤ ወይም ከተከፈተ አምስት ደቂቃ ያልሞላው። ልጅነቱን ያልጨረሰ ወይን ከፍቶ «ሻካራ ነው» ማለት፣ ያልበሰለ ማንጎ ቆርጦ ዛፉን መውቀስ ነው።

ዘሩ ራሱ በብዙ ስም ይታወቃል። ሃንጋሪዎች ኬክፍራንኮሽ፣ ጀርመኖች ሌምበርገር ይሉታል። ሱፐርማርኬት ውስጥ በየመደርደሪያው የሚያዩት ትስቫይገልት ደግሞ ልጁ ነው፤ በ1922 ክሎስተርኖይቡርግ ላይ ብላውፍሬንኪሽን ሳንክት ላውረንት ከሚባል ዘር ጋር አዳቅለው ያወጡት። የሃንጋሪ ነገር እዚህ በዋዛ የሚታይ አይደለም። ቡርገንላንድ እስከ 1921 የሃንጋሪ ግዛት ነበረ። ክልሉ ወደ ኦስትሪያ ሲዞር የተፈጥሮ ዋና ከተማው ሾፕሮን በሕዝብ ድምፅ ሃንጋሪ ውስጥ ቀረ። አይዘንሽታት ዋና ከተማ የሆነችውም ሾፕሮን ስለቀረ ነው። ከዚያ ኮሙኒስቱን ምሥራቅ አውሮፓ ከምዕራቡ የለየው የብረት መጋረጃ መጣ፤ ድንበሩ ከነዚህ ማሳዎች ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ተዘጋ። በነሐሴ 1989 ከሳንክት ማርጋሬተን አጠገብ የድንበሩ በር ለጥቂት ሰዓት ሲከፈት ከ600 በላይ ምሥራቅ ጀርመኖች ሮጠው ተሻገሩ።

ወይን አዋቂ ነኝ የሚል ጓደኛ «የኦስትሪያ ወይን? የመኪና ፀረ-በረዶ ኬሚካል የገባበት?» ብሎ ሊቀልድብዎት ይችላል። ነገሩ ተረት አይደለም። በ1985 አንዳንድ ነጋዴዎች ስስ ወይናቸው ወፈር፣ ጣፈጥ እንዲል ዳይኤቲሊን ግላይኮል የሚባል ኬሚካል ጨምረው ተገኙ። የአገሪቱ የወይን ንግድ በአንድ ጊዜ ተናደ፤ ንጹሑም ከአጥፊው ጋር ወደቀ። በዚያው ዓመት ከባድ ሕግ ወጣ። ዛሬ የጠርሙስዎ አናት ላይ ቀይ-ነጭ-ቀይ ምልክት አለ፤ ጽሑፉ ውስጥም የመንግሥት የቁጥጥር ቁጥር ያገኛሉ። ወይኑ በላቦራቶሪም በቅምሻም ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። የሚገርመው ከውርደቱ ማግስት የሆነው ነው። የጎረቤቷ የሩስት ከተማ ጠማቂ ኤርንስት ትሪባውመር ከዚሁ ከማሪየንታል የ1986 ብላውፍሬንኪሽ አወጣ። ዛሬም የኦስትሪያ ቀይ ወይን ታሪክ ሲነገር ያች ጠርሙስ ሳትጠቀስ አትታለፍም። እስከዚያ ብላውፍሬንኪሽ የሰፈር ወይን ተደርጎ ነበር የሚቆጠረው።

ጣፋጭ ከፈለጉ አካባቢው እሱም አለው። ሩስት በሽመላዎቿና በጣፋጭ ወይኗ የታወቀች ትንሽ ከተማ ናት። በ1681 የነጻ ከተማነት መብት ከንጉሠ ነገሥቱ የገዛችው በ60 ሺህ ጉልደን ወርቅና አይመር በሚባል የድሮ መስፈሪያ በተለካ 500 አይመር ወይን ነው። ግን ያ ነጭ ነው፤ ሌላ ጠርሙስ፣ ሌላ ጨዋታ።

እሺ፣ ወደ ማዕዱ። ዶሮ ወጥ ለምን አልኩ? በርበሬው ነው። የበርበሬ ትኩሳት አልኮሉን የበለጠ ያቃጥለዋል፤ ታኒኑንም ያሻክረዋል። አንድ የገና ቀን እኔው ራሴ በጥሩ ብላውፍሬንኪሽ ላይ ይህን ስሕተት ሠርቻለሁ። ወጡም ወይኑም ተበላሸ፤ እንግዶቼ ቢራ ጠየቁ። ለዶሮ ወጥ በርሜል ያልገባ ትስቫይገልት ይግዙና ፍሪጅ ውስጥ ሃያ ደቂቃ አሳርፈው ያቅርቡ። ርካሽ ነው፣ ታኒኑ ቀላል ነው፣ ለድግስም ይበቃል።

ጎልድበርግን ከሥጋና ከቅቤ ጋር ነው የማየው። ለብለብ ክትፎ፣ ሚጥሚጣው በጣም የተቀነሰ፣ አይብ ከጎኑ። ወይም ቃሪያ ያልበዛበት የበግ ጥብስ። ምንቸት አልጫም ይስማማዋል፤ ብዙ ሰው አያስበውም እንጂ። እንጀራው አይጎዳም፣ እንዲያውም ይጠቅማል። ኮምጠጥ ካለ ምግብ ጋር አሲዱ ዝቅ ያለ ወይን ውሃ ውሃ ይላል፤ ብላውፍሬንኪሽ ግን የራሱ አሲድ ስላለው አይሸነፍም። ያ ቅር ያሰኘዎት ነገር እዚህ ላይ ነው ዋጋው የሚታየው።

ለመክፈት ከወሰኑ፣ ከአንድ ቀን በፊት ጠርሙሱን ቀጥ አድርገው ያቁሙት። አተላ ካለው ወደ ሥር ይወርዳል። ከምግቡ ሁለት ሰዓት ቀድመው ይክፈቱና ቀስ ብለው ሰፋ ወዳለ ማንቆርቆሪያ ይገልብጡት፤ ጎልድበርግ አየር ይፈልጋል። የቪየና ቤት ክረምት ላይ በማሞቂያ 23 ዲግሪ ይደርሳል፣ ለወይን ይበዛል። 16 ወይም 17 ዲግሪ ላይ ነው የሚጥመው። ብርጭቆው ትልቅ ይሁን፣ ሲሶው ብቻ ይቀዳ። ገና ሲመጣ እንደሚሸጠው ትኩስ ወይን ቅመም ከተው እንዳያሞቁት አደራ።

ለማስቀመጥ ከፈለጉ ዋናው ጥያቄ የት የሚለው ነው። የፍሪጅ አናት ላይ ወይም ወጥ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ይክፈቱት። የድሮ ሕንፃ ላይ የሚኖሩ ከሆነና ኬለሩ (ምድር ቤቱ) ውስጥ የራስዎ ክፍል ካለዎት ግን እዚያ አጋድመው ያስቀምጡት። ጨለማ ይሁን፣ የማሞቂያ ቧንቧ አጠገቡ አይለፍ። ቡሹ እንዳይደርቅ ነው ማጋደሙ። እንደዚያ ከተቀመጠ ለአሥር ዓመት ያህል አልሰጋም። «ልጄ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት እከፍተዋለሁ» ቢሉኝ ግን አልመክርዎትም። ሊሆን ይችላል፣ ቁማር ነው። ለዚያ ከሆነ ልጅዎ የተወለደችበት ዓመት መከር ገበያ ሲወጣ ሌላ ጠርሙስ ይግዙላት። የላይታበርግ ስም የሚይዝ ቀይ ወይን ከተለቀመ በኋላ ሁለተኛው ዓመት ሳይደርስ አይሸጥም፤ ጊዜ አለዎት።

ሊገዙ ሲሄዱ ወደ መንደሩ ይሂዱ። በየመንደሩ ቡሸንሻንክ የሚባሉ ቤቶች አሉ፤ ገበሬው የራሱን ወይን በብርጭቆ የሚሸጥባቸው። የተከፈተ ቤት በሩ ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ ይሰቅላል፤ ሲዘጋ ያወርደዋል። የእኛ ጠላ ቤት በእንጨት ላይ ጣሳ የሚደፋውን ያስታውሰዎታል።

የአሁኑን ጠርሙስ ግን እኔ ብሆን ከድግሱ በኋላ በአንዱ እሑድ፣ የሰጡዎትን ሴትዮ ቤት ጠርቼ እከፍተዋለሁ። አራት ሰው ይበቃዋል። ክትፎው ላይ ሚጥሚጣውን ለእሳቸው ለየት አድርገው ያስቀምጡላቸው።